በምላጩ ላይ የተጻፈው ቁጥር፦ ብረትንና ፕላስቲክን በእጅ መጋዝ በጥንቃቄ የመቁረጥ መርሖዎች

መግቢያ

በመርካቶ ምናለሽ ተራ ያገለገለ በርሜል ወደ ምድጃ፣ የተጣለ ላሜራ ወደ ቤት ዕቃ ሲለወጥ ማየት የዘወትር ጉዳይ ነው። በየከተማው የሚገኙ የበርና የመስኮት መሥሪያ ቤቶች፣ የቧንቧ ሠራተኞችና የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማትም ከብረትና ከፕላስቲክ ጋር ይውላሉ። በእነዚህ ስፍራዎች ሁሉ የማይጠፋ አንድ መሣሪያ አለ፤ እርሱም በተለምዶ «ሴጌቶ» እየተባለ የሚጠራው የብረት መጋዝ ነው። ስሙ ከጣልያንኛ የተወረሰ ነው። ሞርሳ፣ ላሜራ፣ ቡሎንና ዳዶ የሚሉት ቃላትም የመጡት በዚያው መንገድ ነው።

ቃሉ ከመሣሪያው ጋር ቢወረስም የአጠቃቀሙ ምክንያት አብሮ ተወርሷል ማለት ግን አይቻልም። አንድ ጀማሪ ሠራተኛ ሴጌቶን የሚማረው አብዛኛውን ጊዜ ባለሙያው ሲሠራ በማየት ነው። እጁ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያያል፤ ባለሙያው ለምን ያንን ምላጭ እንደ መረጠ፣ ለምን በዚያ ማዕዘን እንደ ጀመረ፣ ለምን በመጨረሻው ላይ እጁን እንዳቀለለ ግን የሚነግረው ላይኖር ይችላል። በምላጩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሳይነበብ ይቀራል፤ ምላጩ ሲሰበር ደግሞ ጥፋቱ የምላጩ ጥራት ተደርጎ ይወሰዳል።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው ሴጌቶ ብረትንና ፕላስቲክን የሚቆርጥበትን መንገድ፣ ጉዳት የሚያስከትሉ ስሕተቶች የሚፈጠሩበትን ምክንያትና የሚወገዱበትን ዘዴ ነው። ዋናው ሐሳብ አጭር ነው። በእጅ መጋዝ ሥራ ትክክለኛ አቆራረጥና ደኅንነት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች አይደሉም። ሠራተኛውን የሚያቆስለው ስሕተት አስቀድሞ ሥራውን የሚያበላሸው ስሕተት ነው።

ጥርሱ ምን ይሠራል?

ሴጌቶ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም ምላጩና ምላጩን ወጥሮ የሚይዘው ባለ እጀታ የብረት ደጋን ናቸው። ምላጩ በአብዛኛው 300 ወይም 250 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋትና ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ ውፍረት ያለው ቀጭን ብረት ነው። እያንዳንዱ ጥርስ እንደ ትንሽ መሮ ይሠራል። ጫፉ ወደ ብረቱ ይገባል፣ ወደ ፊት ሲገፋ ቀጭን ፍቅፋቂ ያነሣል፣ ፍቅፋቂው በሁለት ጥርሶች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ተጠቅልሎ ይቆያል፤ ጥርሱ ከቁርጡ ሲወጣም ይረግፋል።

ጥርሶቹ ሁሉ ቀጥ ብለው የቆሙ አይደሉም። ጠጋ ብሎ ለሚመለከት ሰው አንዳንዶቹ ወደ ቀኝ፣ አንዳንዶቹ ወደ ግራ ዘመም ብለው ይታያሉ፤ ጥርሳቸው በጣም ደቃቅ በሆኑ ምላጮች ላይ ደግሞ የጥርሱ መስመር እንደ ሞገድ ይጥመለመላል። ይህ የተደረገው ጥርሶቹ የሚከፍቱት ቦይ ከምላጩ ውፍረት ጥቂት ሰፋ እንዲል ነው። ቦዩ ሰፋ ካላለ የምላጩ ጎን ከብረቱ ግድግዳ ጋር ይፋተጋል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻም ይነክሳል።

ከዚህ አሠራር አንድ ጠቃሚ ደንብ ይወጣል። ምላጭ በቁርጥ መካከል ቢሰበር ወይም ቢዶለዱም አዲሱን ምላጭ በአሮጌው ቦይ ውስጥ ማስገባት አይገባም። የአሮጌው ምላጭ ጥርሶች በሥራ ብዛት ጎናቸው ስለ ተበላ የከፈቱት ቦይ ጠባብ ነው። ጥርሱ ያልተነካው አዲስ ምላጭ በዚያ ቦይ ውስጥ ሲገፋ ይጣበቃል፤ ሠራተኛው ኃይል ሲጨምርም ይሰበራል። ስለዚህ ቁራጩን ገልብጦ ከተቃራኒው ወገን አዲስ ቁርጥ መጀመር ያስፈልጋል።

የሦስቱ ጥርሶች ደንብ

በምላጩ ላይ ከርዝመቱና ከስፋቱ ጋር ሌላ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ብዙውን ጊዜም 14፣ 18፣ 24 ወይም 32 ነው። ይህ ቁጥር በአንድ ኢንች ማለትም በ25.4 ሚሊ ሜትር ርዝመት ላይ ስንት ጥርስ እንዳለ ያመለክታል። ቁጥሩ ሲያድግ ጥርሱ ደቃቅ ይሆናል፤ ሲያንስ ደግሞ ጥርሱ ትልቅና በጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ይሆናል።

የምላጭ ምርጫ የሚመራበት ደንብ በማንኛውም ቅጽበት ቢያንስ ሦስት ጥርሶች ከሚቆረጠው ነገር ጋር መነካካት አለባቸው የሚል ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ቀጭን ላሜራ በሁለት ትልልቅ ጥርሶች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ሊገባ ከቻለ፣ ቀጣዩ ጥርስ ሲደርስ ላሜራውን በመፋቅ ፈንታ እንደ ግድግዳ ይገጨዋል። በዚያ ጊዜ ወይ ጥርሱ ይረግፋል፣ ወይ ላሜራው ይታጠፋል፣ ወይም መጋዙ በድንገት ቆሞ የሠራተኛው እጅ ወደ ፊት ይንሸራተታል።

ደንቡን በቁጥር መፈተን ይቻላል። ባለ 14 ጥርስ ምላጭ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ18 ጥርስ ርቀቱ 1.4፣ በ24 ጥርስ 1.06፣ በ32 ጥርስ ደግሞ 0.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እነዚህ በሦስት ሲባዙ እያንዳንዱ ምላጭ በቀጥታ ሊቆርጠው የሚገባው ዝቅተኛ ውፍረት ይገኛል። ይህም ለባለ 14 ጥርስ 5.4፣ ለባለ 18 ጥርስ 4.2፣ ለባለ 24 ጥርስ 3.2፣ ለባለ 32 ጥርስ 2.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።

ስሌቱ አንድ የተለመደ ችግር ያጋልጣል። ለበርና ለመስኮት የሚያገለግለው ቱቦላሬ የግድግዳ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ከሁሉም ደቃቅ የሆነው ባለ 32 ጥርስ ምላጭ እንኳ በዚህ ግድግዳ ላይ ሁለት ጥርስ ብቻ ያሳርፋል። መፍትሔው በአቆራረጥ ማዕዘን ይገኛል። ምላጩ ግድግዳውን ቀጥ ብሎ ሳይሆን በ30 ዲግሪ ሲያቋርጠው የሚነካው ርዝመት ከ1.5 ወደ 3 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ የሚነኩት ጥርሶችም ወደ አራት ይጠጋሉ። ስለዚህ የተለማመደ ባለሙያ መጋዙን አጋድሎ ሲቆርጥ የሚታየው የሚነኩትን ጥርሶች ለማብዛት ነው።

ለቱቦላሬና ለክብ ቧንቧ ሌላ ዘዴም አለ። ቁርጡ የመጀመሪያውን ግድግዳ በስቶ ወደ ውስጥ ሲገባ ምላጩ የሚያርፈው በሁለቱ ጎን ግድግዳዎች ቀጭን ጠርዝ ላይ ነው፤ ጥርስ የሚረግፈውም በዚህ ጊዜ ነው። ስለሆነም አንዱ ገጽ ተቆርጦ እንዳለቀ ቁራጩን ከሞርሳው አላልቶ ማዞርና ቀጣዩን ገጽ ከውጭ በኩል መጀመር ይመረጣል። ክብ ቧንቧም እንዲሁ ጥቂት በጥቂት እየተዞረ ይቆረጣል። ጊዜ የሚወስድ ቢመስልም ምላጭ ከመለወጥና ጠርዝ ከማስተካከል ይልቅ ፈጣን ነው፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እንደሚባለው ነው።

በተቃራኒው በጣም ደቃቅ ጥርስ ለወፍራም ብረት አይስማማም። 50 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ድፍን ብረት በባለ 32 ጥርስ ምላጭ ቢቆረጥ ከ60 በላይ ጥርሶች በአንድ ጊዜ ይነካሉ። የክንዱ ኃይል ለእነዚህ ሁሉ ስለሚከፋፈል እያንዳንዱ ጥርስ ብረቱን ለመቧጨር እንጂ ለመፋቅ አይበቃም፤ ጥቃቅኖቹ ክፍተቶችም በፍቅፋቂ ይደፈናሉ። ሠራተኛው መጋዙ አልቆርጥ ሲለው ኃይል ይጨምራል፤ አደጋውም በዚህ ይጀምራል። ለእንዲህ ያለው ድፍን ብረት ባለ 14 ወይም ባለ 18 ጥርስ ተገቢ ነው። ለመካከለኛ ውፍረት፣ ለአንጎላሬና ለመሳሰሉት ባለ 24 ጥርስ፣ ለቀጭን ቧንቧና ለላሜራ ባለ 32 ጥርስ ይመረጣል። ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ቆርቆሮ ግን የሴጌቶ ሥራ ሳይሆን የቆርቆሮ መቀስ ሥራ ነው። መቀስ ከሌለ ቆርቆሮውን በሁለት ጣውላዎች መካከል አጣብቆ ጣውላውንም ጭምር አብሮ መቁረጥ ይቻላል።

የምላጩ ብረትና አወጣጠሩ

ሁለት ምላጮች በጥርስ ቁጥር እኩል ሆነው በተሠሩበት ብረት ሊለያዩ ይችላሉ። ዋጋው ዝቅ ያለው የካርቦን ብረት ምላጭ ለለስላሳ ብረትና ለፕላስቲክ ያገለግላል፤ ከጋለ ግን ጥንካሬውን ያጣል። ሙሉ በሙሉ ከጠንካራ የፈጣን መቁረጫ ብረት የተሠራው ምላጭ ሙቀትንና መበላትን በደንብ ይቋቋማል፤ ነገር ግን ተሰባሪ ነው፤ ሲጠመዘዝ እንደ ብርጭቆ ይሰባበራል። ሦስተኛው ዓይነት ሁለቱን ያጣምራል፤ ጥርሱ ከጠንካራ ብረት፣ ጀርባው ደግሞ ከሚተጣጠፍ ብረት ተሠርቶ ይበየዳል። ጀማሪ እጅ ምላጭን ማጣመሙ ስለማይቀር ለማሠልጠኛ የሚስማማው ይህ ተጣጣፊ ምላጭ ነው። ዋጋው ከፍ ቢልም የሚፈናጠር ስባሪ ወደ ፊት የመምጣቱን ዕድል ይቀንሳል።

ምላጩ በደጋኑ ላይ ሲገባ የጥርሶቹ ጫፍ ከእጀታው ራቅ ወዳለው ወገን ማለትም ወደ ፊት ማየት አለበት። ሴጌቶ የሚቆርጠው ሲገፋ ነው። በተገላቢጦሽ የገባ ምላጭ ሲሳብ ይቆርጣል፤ ሠራተኛውም የሰውነቱን ክብደት ሊጠቀምበት አይችልም። ከዚያ በኋላ ባለ ክንፉ ዳዶ በጣት እስኪይዝ ድረስ ይጠብቃል፤ ቀጥሎም ሁለት ወይም ሦስት ሙሉ ዙር ይጨመርበታል። በደንብ የተወጠረ ምላጭ በጣት ሲመታ እንደ ክራር ክር ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የላላ ምላጭ ቁርጡን ያጣምማል፣ ይጠመዘዛል፣ ይሰበራል፤ ከልክ በላይ የተወጠረውም ማሰሪያ ቀዳዳው ላይ ይቀደዳል። ምላጩ ሲሠራ ሞቆ ስለሚረዝም ከጥቂት ምልልስ በኋላ ውጥረቱን እንደገና መፈተሽ ያስፈልጋል።

አያያዝ፣ አቋቋምና ምልልስ

የሚቆረጠው ነገር በእጅ ወይም በእግር ተይዞ መቆረጥ የለበትም። በሞርሳ መታሰር አለበት፤ ሞርሳ ከሌለም በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ በማጣበቂያ ክላምፕ መያዝ ይገባዋል። የቁርጡ መስመር ለሞርሳው አፍ ቅርብ መሆን አለበት፤ አሥር ሚሊ ሜትር ገደማ በቂ ነው። መስመሩ ከሞርሳው በራቀ ቁጥር ብረቱ ይርገበገባል። ጆሮ የሚበሳው ጩኸት የዚህ ርግብግብታ ምልክት ነው፤ ጩኸቱም ጥርሶቹ ብረቱን እየነከሱና እየለቀቁ መሆናቸውን ይናገራል።

ቁርጡ ሲጀመር ብዙዎች የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ለምላጩ መሪ ያደርጋሉ። ምላጩ ገና ቦይ ስላልያዘ አንድ ጊዜ ቢንሸራተት የሚያርፈው በጣቱ ላይ ነው። ከዚህ የተሻለው በመስመሩ ላይ በባለ ሦስት ማዕዘን ሞረድ ትንሽ ጎድጓዳ መስመር ማውጣትና ምላጩን በዚያ ውስጥ ማሳረፍ ነው።

ሠራተኛው ከሞርሳው ፊት ለፊት ሳይሆን ጥቂት ወደ ጎን ይቆማል። አንዱ እግር ወደ ፊት ቀደም ይላል፤ አንዱ እጅ እጀታውን፣ ሌላው የደጋኑን የፊት ጫፍ ይይዛል። ሁለተኛው እጅ በደጋኑ ላይ ከሆነ ከምላጩ አጠገብ ሊገኝ አይችልም። ይህ አያያዝ መጋዙን ቀጥ ለማድረግ የሚያስፈልግ ሲሆን ሁለተኛውን እጅም ከአደጋ ያርቃል።

የምልልሱ ፍጥነት በደቂቃ ከ40 እስከ 50 ቢሆን ይስማማል፤ ለጠንካራ ብረት ከዚህም ይዘገያል። ወደ ፊት ሲገፋ ይጫኑታል፤ ወደ ኋላ ሲመለስ ጫናው ይነሣለታል፤ ምክንያቱም ወደ ኋላ የሚጎተት ጥርስ ሳይቆርጥ ይበላል። ከምላጩ ርዝመት አብዛኛውን መጠቀምም ይገባል። በመካከለኛው ክፍል ብቻ በአጭር በአጭሩ የሚቆርጥ ሰው ያንን ክፍል በሙቀት ያበላሻል፤ የተበላው መካከልም ጠባብ ቦይ ስለሚከፍት ያልተበላው ጫፍ ሲደርስ ይነክሳል።

ለብረታ ብረት ጥቂት ቅባት ይጠቅማል። ለተራ ብረት ጠብታ ዘይት ይበቃል። አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ ፍቅፋቂው በጥርሶች መካከል ይለጠፋል፤ በመሆኑም ምላጩን በየጊዜው በብሩሽ መጥረግ ያስፈልጋል። ጊዛ ግን በውስጡ ያለው ግራፋይት ራሱ ስለሚያለሰልሰው ያለ ቅባት ይቆረጣል።

ፕላስቲክ ሲቆረጥ

ፕላስቲክ ለስላሳ በመሆኑ ጥንቃቄ የማይሻ ይመስላል፤ ባሕርዩ ግን ከብረት የተለየ ችግር ያመጣል። ብረት ሲቆረጥ የሚፈጠረው ሙቀት በመላ አካሉ ይሠራጫል። ፒቪሲ ግን ሙቀትን የማስተላለፍ ችሎታው ከተራ ብረት በ200 እጥፍ ይበልጥ ያነሰ ስለሆነ ሙቀቱ በቁርጡ መስመር ላይ ይከማቻል። ፒቪሲ በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል። ሠራተኛው በፍጥነት ሲመላለስ የቦዩ ግድግዳ ለስልሶ በምላጩ ዙሪያ ይጣበቃል፣ ጥርሶቹንም ይደፍናል። ስለዚህ ለፕላስቲክ ዘገም ያለ ምልልስና ቀላል ጫና ያስፈልጋል። ለቀጭን ግድግዳ ቧንቧ ባለ 24 ወይም ባለ 32 ጥርስ፣ ለወፍራም ድፍን ፕላስቲክ ደግሞ ፍቅፋቂውን የሚያወጣ ሰፊ ክፍተት ያለው ትልቅ ጥርስ ይመረጣል። ምላጩ ከሞቀ ማቆምና ማቀዝቀዝ እንጂ ዘይት መቀባት አይገባም፤ በቧንቧ ጫፍ ላይ የቀረ ዘይት ማጣበቂያው እንዳይዝ ያደርጋል።

የፍሳሽ ቧንቧ ቀጥ ብሎ እንዲቆረጥ ቀላል ዘዴ አለ። ቀጥ ያለ ጠርዝ ያለው ወረቀት በቧንቧው ዙሪያ ተጠቅልሎ ጫፎቹ በትክክል እንዲገጥሙ ይደረጋል፤ በጠርዙም ላይ መስመር ይሰመራል። ቧንቧው በዚያ መስመር ላይ ጥቂት በጥቂት እየተዞረ ይቆረጣል። ከተቆረጠ በኋላ የውስጥና የውጭ ጠርዙ በሞረድ ወይም በቢላ መጽዳት አለበት። ያልጸዳ ጠርዝ መጋጠሚያው ውስጥ ሲገባ ማጣበቂያውን እየጠረገ ይሄዳል፤ መገጣጠሚያውም ውሎ አድሮ ያፈሳል። ለመጠጥ ውኃ በሚያገለግል ቧንቧ ውስጥ የቀረ ፍቅፋቂም ወደ ቧንቧ መክፈቻው ወርዶ ይደፍነዋል።

እንደ መስታወት ጥርት ያለው አክሪሊክ ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው። አይታጠፍም፤ ይሰነጠቃል። ከቁርጡ መስመር ግራና ቀኝ ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ በመስመሩ ላይ ፕላስተር ቢለጠፍበት የጠርዙ መሸረፍ ይቀንሳል። በሞርሳ ሲያዝም በእንጨት ወይም በጨርቅ መካከል ሆኖ በልኩ እንጂ አጥብቆ መታሰር የለበትም።

ጉዳት የሚደርስባቸው ቅጽበቶች

የሴጌቶ ጉዳት በሥራው ሂደት ሁሉ እኩል የተሠራጨ አይደለም፤ የሚበዛባቸው ቅጽበቶች አሉ። የመጀመሪያው ምላጩ ቦይ ሳይዝ የሚንሸራተትበት የሥራው መጀመሪያ ነው። ሁለተኛው ምላጩ የሚሰበርበት ነው። በሙሉ ኃይል ወደ ፊት የሚገፋ ክንድ ተቃውሞው በድንገት ሲጠፋ ሊቆም አይችልም፤ ጣቶቹ ከሞርሳው ጋር ወይም ገና ከተቆረጠው ስለታም ጠርዝ ጋር ይጋጫሉ። ሦስተኛው የቁርጡ ፍጻሜ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲቀር ኃይሉ ካልተቀነሰ ክንዱ እንደ ሁለተኛው ቅጽበት ወደ ፊት ይወረወራል፤ የተቆረጠውም ክፍል በእግር ላይ ይወድቃል። በመጨረሻው ላይ ምልልሱን ማሳጠር፣ ጫናውን ማቅለልና የሚወድቀውን ክፍል መደገፍ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አራተኛው ቅጽበት ሥራው አልቋል ተብሎ በሚታሰብበት ጊዜ ይመጣል። አዲስ የተቆረጠ ብረት ጠርዝ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ጠርዙን በሞረድ ሳያለሰልሱ በጣት መዳሰስ፣ ፍቅፋቂውንም በአፍ እፍ ማለት ወይም በመዳፍ መጥረግ የተለመዱ ስሕተቶች ናቸው። እፍ የተባለው ፍቅፋቂ ወደ ዓይን ይመለሳል፤ በመዳፍ የተጠረገውም ቆዳ ውስጥ ይገባል። ለዚህ ሥራ ብሩሽ ያስፈልጋል።

ከእነዚህ በመነሣት የመከላከያ ዕቃዎቹ ተራ ግልጽ ይሆናል። የዓይን መከላከያ መነጽርና ጣትን የሚሸፍን ጫማ የግድ ናቸው። ጓንት ላሜራና ስለታም ጠርዝ ሲነሣ ይጠቅማል። ፋይበርግላስን የመሰለ ብናኙ የሚያሳክክና ሳንባ የሚጎዳ ነገር ሲቆረጥ ለብናኙ የሚመጥን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይጨመራል። ዓይን ውስጥ ስባሪ የተሰካበት ሰው ዓይኑን ማሸት፣ ስባሪውንም በራሱ ለማውጣት መሞከር የለበትም፤ ዓይኑ ሳይጫን ተሸፍኖ ወደ ሕክምና ይወሰዳል። በቆሸሸ ብረት የተቆረጠ ሰውም ቁስሉ ትንሽ ቢመስል መታጠብና ስለ ቲታነስ ክትባት የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባዋል።

ሴጌቶና ግራይንደር

ግራይንደር በየመሥሪያ ቤቱ እየተለመደ በመጣበት ጊዜ ሴጌቶን መማር ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሁለቱን ፍጥነት ማነጻጸር መልሱን ያቀርባል። 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ ያለው ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ሲዞር የዲስኩ ጠርዝ በሴኮንድ 66 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ይህም በሰዓት ወደ 240 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ነው። በደቂቃ 50 ጊዜ የሚመላለስ ሴጌቶ ግን በሚቆርጥበት ጊዜ ፍጥነቱ በሴኮንድ ከግማሽ ሜትር አይበልጥም። ከግራይንደር የሚፈናጠር ስባሪ ለመሸሽ ጊዜ አይሰጥም፤ ከሴጌቶ የሚረግፈው ፍቅፋቂ ግን ከሥሩ ይወድቃል።

ሴጌቶ ብልጭታ የሚረጭና ብረቱን የሚያግል መሣሪያ አይደለም። ዚንክ የተለበጠ ቧንቧ በግራይንደር ሲግል ልባጩ ጢስ ሊያወጣ ይችላል፤ ፒቪሲ በፈጣን ዲስክ ሲቃጠል የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጋዝ ይለቃል። በቀዝቃዛ መንገድ የሚቆርጠው ሴጌቶ ከሁለቱም ነጻ ነው። ለብዙ ቁራጭ ግራይንደር የሚሰጠው ጥቅም አይካድም። ጥቂት ቁራጭ ለመቁረጥ፣ በጠባብ ቦታ ወይም መብራት በጠፋበት ሰዓት ግን የተመረጠ ምላጭ ያለው ሴጌቶ ለደኅንነት የሚመረጥ መሣሪያ ነው።

በማንኛውም መጋዝ መቆረጥ የሌለባቸው ነገሮች

ቀዝቃዛ መሆኑ ግን ሴጌቶን ለሁሉም ነገር የተፈቀደ አያደርገውም። ነዳጅ፣ ቀለም ማቅጠኛ ወይም ሌላ ተቀጣጣይ ነገር የያዘ በርሜል ባዶ ሲሆን ይበልጥ አደገኛ ሊሆን ይችላል፤ በውስጡ የቀረው ትነት ከአየር ጋር ተደባልቆ ፈንጂ ድብልቅ ይፈጥራልና። በግራይንደርና በብየዳ እሳት መንካቱ የከፋው ሲሆን፣ በእጅ መሣሪያ የሚፈጠር ፍትጊያም ሙሉ በሙሉ የሚታመን አይደለም። እንዲህ ያለ በርሜል በሚገባ ሳይጸዳና ትነቱ ሳይወገድ መነካት የለበትም። በግፊት የተሞላ የጋዝ ሲሊንደርም ባዶ ነው ተብሎ ሊቆረጥ አይገባም።

በግድግዳ ውስጥ ያለ የኤሌክትሪክ ቱቦ ሲቆረጥ መብራቱ ከቆጣሪው መጥፋቱንና በውስጡ ያሉት ሽቦዎች ኃይል የሌላቸው መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ የብረት ደጋን ያለው ሴጌቶ ኤሌክትሪክን በቀጥታ ወደ እጅ ያደርሳል። በቆዩ ሕንፃዎች ጣሪያና ቧንቧ ላይ ሊገኝ የሚችለው አስቤስቶስ የተቀላቀለበት ሲሚንቶም በተራ ሠራተኛ መቆረጥ የለበትም። ብናኙ ለዓይን ባይታይም ወደ ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ያመጣል።

የማን ኃላፊነት?

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያ ዕቃ እንዲያቀርብና ስለ አጠቃቀሙ መመሪያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ የመጠቀም ግዴታ አለበት። አዋጁ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑትን መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትም ጤናቸውን አደጋ ላይ በሚጥል ሥራ እንዳይሰማሩ ይጠብቃል። በአነስተኛ መሥሪያ ቤቶች ብረት የሚይዘውና ምላጭ የሚለውጠው ብዙውን ጊዜ ለሙያው አዲስ የሆነ ወጣት መሆኑ ሲታሰብ እነዚህ ድንጋጌዎች ከወረቀት አልፈው ወደ ሞርሳው አጠገብ መድረስ ያለባቸው ናቸው።

ለዚህ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። በግድግዳ ላይ በአማርኛ የተጻፈ የምላጭ ምርጫ ሠንጠረዥ፣ ከሞርሳው አጠገብ የተሰቀለ መነጽርና ብሩሽ፣ በየጥርስ ቁጥሩ የተለየ የምላጭ ማስቀመጫ ሊሟሉ የሚችሉ ናቸው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን አሠልጣኙ «እንዲህ አድርግ» ካለ በኋላ «ምክንያቱም» ብሎ መቀጠሉ ነው።

መደምደሚያ

ሴጌቶ ከቀላል የእጅ መሣሪያዎች አንዱ ቢሆንም በውስጡ የጥርስ ስሌት፣ የሙቀት ባሕርይና የኃይል ሚዛን አለ። ለቁራጩ የሚስማማ ምላጭ መምረጥ፣ በትክክል መወጠር፣ ቁራጩን ለሞርሳው አፍ አስጠግቶ ማሰር፣ በዝግታ መመላለስና በፍጻሜው እጅን ማቅለል የሥራውን ጥራትም የሠራተኛውን ጣትና ዓይንም በአንድነት ይጠብቃሉ። ምላጩ አልቆርጥ ሲል መልሱ ተጨማሪ ኃይል አይደለም፤ ቆም ብሎ በምላጩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማንበብ ነው።